ዕዳውና ከረጢቱ፤ የሠራተኛ ጉዳት ካሣና የመድን ዋስትና ታሪክ በኢትዮጵያ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ አጠና ተራ እየተባለ በሚጠራው ሥፍራ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ እንጨት በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ታሪክ ውስጥ ስሙ የማይነሣ ባለውለታ ነው። አጠናው በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ግንባታው ሥፍራ ይሄዳል፤ በምስማርና በሽቦ ተያይዞ መወጣጫ ይሆናል፤ ግንበኛውም፣ ፌራዮውም፣ ሲሚንቶ ተሸካሚውም ይወጡበታል። ሕንፃው ሲያልቅ መወጣጫው ይፈርሳል፤ የተረፈው እንጨትም ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል። ለአርማታው ምሰሶ በጥንቃቄ የሚሠራው ስሌት ለመወጣጫው እንጨት ሲሠራለት የሚታየው ከስንት አንዴ መሆኑን ሙያተኛው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ከዚህ እንጨት ላይ የወደቀ ሠራተኛ ወገቡ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል? ልጆቹንስ ማን ያበላል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የተሟላ መልስ ሳያገኝ ብዙ ዘመን አልፏል። በኢትዮጵያ የሠራተኛ ካሣ ሕግ ታሪክ ጠጋ ተብሎ ሲመረመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጎን ለጎን ሲጓዙ ይታያሉ። አንደኛው ዕዳው የማን እንደሆነ መወሰኑ ነው፤ ሁለተኛው ዕዳው የሚከፈልበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ መወሰኑ ነው። በመጀመሪያው ረገድ ሕጉ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በሁለተኛው ረገድ ግን ጉዞው ገና ግማሽ ላይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ቀድሞ በአውሮፓም ቢሆን በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሣ ለማግኘት አሠሪው ጥፋት ማድረሱን በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረበት። በእንግሊዝ አገር አሠሪው ሦስት የመከላከያ በሮች ነበሩት፤ ሠራተኛው ራሱ ተዘናግቷል ማለት፣ የሥራውን አደገኛነት እያወቀ ገብቶበታል ማለት፣ ጉዳቱን ያደረሰው አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ነው ማለት። ከሦስቱ አንዱን አልፎ ሌላው የማይዘጋበት ሠራተኛ ጥቂት ነበር። ይህን አሠራር በአገር አቀፍ ደረጃ ከሥሩ የለወጠችው ጀርመን ናት። በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1884 የወጣው የአደጋ መድን ሕግ የጥፋተኝነትን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ አሠሪዎች በየኢንዱስትሪ ዘርፋቸው ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ መዋጮውንም ሙሉ በሙሉ እነርሱ እንዲከፍሉ፣ የተጎዳውም ሠራተኛ ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲካስ አደረገ። በለውጡ ሠራተኛው ዋስትና ያለው ክፍያ አገኘ፤ በአንጻሩ አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱ ጠበበ። ገንዘቡ የጋራ ስለነበረ ማኅበሮቹ የየፋብሪካውን ማሽን የሚመረምሩ የራሳቸውን ተቆጣጣሪዎች መላክ ጀመሩ። የአንዱ አሠሪ ቸልተኝነት የሌላውን ኪስ የሚነካ ሲሆን ቁጥጥሩ መጥበቁ አይቀርም።

እንግሊዝ በ1897 ያወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ ተከተለ። ጥፋት ማስረዳት ቀረ፤ ዕዳው ግን በእያንዳንዱ አሠሪ ትከሻ ላይ ለየብቻ ወደቀ። መድን መግባት አለመግባቱ ለአሠሪው ፈቃድ ተተወ። ውጤቱም አሠሪው ሲከስር ካሣውም አብሮ የሚከስር ሆነ። ስለዚህም በ1934 የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤቶች መድን እንዲገቡ ተገደዱ፤ በ1946 ደግሞ ሥርዓቱ በጠቅላላ ወደ መንግሥታዊ ማኅበራዊ ዋስትና ተዛወረ። ሁለቱን መንገዶች ማስታወሱ ይጠቅማል፤ ወደ ኢትዮጵያ በኋላ የመጣው ሕግ ከሁለቱም የተቀዳ መልክ አለውና።

የኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው እንግሊዝ ይህን ሕግ ባወጣችበት በ1897 እ.ኤ.አ. መሆኑ አጋጣሚ ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በረሃውን አቋርጦ፣ ገደሉን በድልድይ ተሻግሮ የተሠራው ይህ መስመር በአገሪቱ ብዙ ደመወዝተኛ ሠራተኞችን በአንድነት ካሰለፉት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ የምሕንድስና ሥራዎች አንዱ ነው። ለሠራተኛው ጉዳት በተለይ የታሰበ የካሣ ሕግ በዚያ ዘመን በአገሪቱ አልነበረም። የተጎዳው ወደ ዘመዱ ይመለሳል፤ የሞተውም በአገሩ ልማድ ይቀበራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም አባል ሆነች። ድርጅቱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የሠራተኞችን የአደጋ ካሣ የሚመለከት ስምምነት አወጣ፤ በአገር ውስጥ ግን የፋብሪካ ሥራ ገና በጨቅላነቱ ስለነበረ ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 የሥራ ቦታን ሁኔታ በሕግ ለመቆጣጠር የተደረገ የመጀመሪያ ሙከራ ነው ሊባል ይችላል። ዋናው መሠረት የተጣለው ግን በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ስለ ሥራ ውል በሚናገረው ክፍሉ የሥራ አደጋንና የሥራ በሽታን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ይዞ ነበር። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ደግሞ ለመሐንዲሶች ትምህርት ሊሆኑ የሚገቡ አንቀጾች አሉት። ቁጥር 2028 የተለመደው መርሕ ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካሣል። ቁጥር 2069 ግን ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በማከማቸት፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት፣ የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ፣ ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ ኢንዱስትሪ በማካሄድ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቁጥር 2081 የማሽንና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትን በዚሁ ረድፍ ያስቀምጣል። የምሕንድስና ሥራ ከባሕርዩ አደጋን የሚወልድ መሆኑን የአገሪቱ ሕግ አምኖ የተቀበለው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን ሁለት ሌሎች ነገሮች ሆኑ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም መካከል የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩበት። የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 210ም ጥቂት ወራት ቆይቶ ወጣ። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 209/1955 ለመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ደነገገ፤ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ለሚጎዱትም አበል አሰበ። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛው የጋራ ከረጢት አገኘ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን መብቱ ከአሠሪው ኪስ ጋር ታስሮ ቀረ። ይህ የሁለት መደብ ልዩነት ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ዘልቋል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጣው ለውጥ ጉዳዩን በሌላ አቅጣጫ ነካው። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ታወጀ። ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው የመንግሥት በመሆናቸው ሠራተኞቻቸው በጡረታው ሥርዓት ውስጥ ተጠቃለሉ፤ የትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛ የጋራ ከረጢት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። አገሪቱ በ1983 ዓ.ም. ጥር ወር የሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችውም በዚያ መንግሥት የመጨረሻ ወራት ነበር።

ከዚያም አዋጅ ቁጥር 42/1985 መጣ፤ አዋጅ ቁጥር 86/1986 የመድንን ሥራ ለግል ኩባንያዎች ከፈተ፤ የሕገ መንግሥቱም 42ኛ አንቀጽ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አደረገ። የ1985ቱ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 377/1996፣ ይኸውም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷል። ሦስቱ አዋጆች በብዙ ነገር ቢለያዩም በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገረው ክፍላቸው አጥንቱ አንድ ነው፤ አሠሪም ሠራተኛም ሊያውቀው የሚገባ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየቱ ተገቢ ይሆናል።

መሠረቱ ይህ ነው። አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት በዚሁ ይታያሉ። «በግልጽ የሰጠውን» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። ቀበቶውን አልታጠቀም ብሎ ሠራተኛውን የሚከስ ተቋራጭ ቀበቶው መኖሩን፣ መታደሉንና መታጠቅ ግዴታ መሆኑ መነገሩን ማስረዳት ይኖርበታል። በብዙ የግንባታ ሥፍራ ይህን የሚያሳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ አይገኝም። የሲሚንቶው ገቢና ወጪ በየቀኑ እየተመዘገበ የደኅንነት መመሪያ አለመመዝገቡ የሚያስገርም ነው።

አደጋ የሚባለውም ከማሽን ላይ የሚደርሰው ብቻ አይደለም። የአሠሪውን ትእዛዝ ለመፈጸም ሲል ከሥራ ቦታውና ከሰዓቱ ውጭ የተጎዳ፣ ያለ ትእዛዝ የሥራ ቦታውን ከጥፋት ለማዳን ሲል የተጎዳ፣ ድርጅቱ ባቀረበው ተሽከርካሪ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሁሉ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንደዚሁ ነው። አሠሪው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፣ የተጎዳውን ወደ ቅርብ የሕክምና ተቋም ማድረስ፣ የሕክምናውን ወጪ መሸፈን፣ ጉዳቱንም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማስታወቅ ይገባዋል።

የገንዘቡ አከፋፈል በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ፌራዮ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ተጎዳ እንበል። ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል፤ ድምሩ በዓመቱ 49,500 ብር ይሆናል። የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ነው ብሎ ቢወስንና ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ቢሆን፣ አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ፣ ማለትም 360,000 ብር ይከፍላል። የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ ቢሆን 108,000 ብር ይደርሰዋል። ሠራተኛው ቢሞት ካሣው ለጥገኞቹ ነው፤ ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በሠራተኛው ይረዱ ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ተብሎ ይከፋፈላል።

ሕጉ ዕዳውን እንዲህ አድርጎ ለክቶታል። ከረጢቱን ግን በሁለት ቦታ ከፍሎ ትቶታል። የመጀመሪያው ጡረታ ነው። አዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ወደ ጡረታ ሥርዓት ሲያስገባ በሥራ ላይ የተጎዳና የመሥራት ችሎታውን ያጣ ሠራተኛ የደመወዙን 47 በመቶ በየወሩ እንዲያገኝ ደነገገ፤ በ1955 የተጀመረው የሁለት መደብ ልዩነት በሕግ ደረጃ መዘጋት የጀመረውም ያኔ ነው። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። ሁለተኛው የመድን ውል ነው። የሠራተኛ ሕጉ የመድንን ውል እንደ አንድ አማራጭ ያነሣዋል፤ ካሣውን የመክፈል ዕዳ ግን ውል ገባም አልገባም ከአሠሪው ጫንቃ አይወርድም።

መድኑ ራሱ የሚሠራበት መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። አሠሪው የሠራተኞቹን ዓመታዊ ደመወዝ ለመድን ሰጪው ያስታውቃል፤ እንደ ሥራው አደገኛነት በተወሰነ መቶኛ ዓረቦን ይከፍላል፤ በዓመቱ መጨረሻም በተግባር የተከፈለው ደመወዝ ታይቶ ሂሳቡ ይስተካከላል። በላይኛው ምሳሌ 20 ሠራተኞች ያሉት አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ዓመታዊ ደመወዙ 1,440,000 ብር ነው። የዓረቦኑ መጠን 2 በመቶ ነው ብለን ብናስብ 28,800 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በመቶ ሺህ የሚቆጠረውን የአንድ ሰው ካሣ ሊሸከም ይችላል። ዓረቦን ለመቀነስ ሲባል ግማሹን ሠራተኛ መደበቅ ወይም ደመወዙን አሳንሶ ማስታወቅ በሥራው ዓለም ያልታየ ነገር አይደለም፤ የተደበቀው ሰው የወደቀ ዕለት ግን መድን ሰጪው ያልተነገረውን አይከፍልም።

አንድ ንጽጽር እዚህ ላይ ቢነሣ ከቦታው የወጣ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ በኋላም በተተካበት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን ሳይገባ በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም። ሲሚንቶውን ያመጣው መኪና ያለ መድን ግቢው በር ላይ መድረስ አይፈቀድለትም፤ ሲሚንቶውን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ሰው ግን መድን ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ ትራፊክ የለበትም። ክፍተቱን በከፊል የሞላው ሕግ ሳይሆን የምሕንድስና ውል ነው። የፊዲክ የሲቪል ሥራዎች ውል እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው አራተኛ እትሙ 24ኛ አንቀጽ ተቋራጩ ለሠራተኞቹ ጉዳት መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ በአገራችን ለመንግሥት ሥራዎች የተዘጋጁ የውል ሁኔታዎችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የመድኑን ሰነድ ሳያይ ሥራ እንዳይጀመር ማድረግ የሚችለው በዚህ ኃይል ነው። የግለሰብ ቤትና አነስተኛ ፎቅ የሚሠራባቸው ውሎች፣ ያውም ውል ከኖረ፣ ይህ አንቀጽ አይገኝባቸውም።

በኮልፌ ቀራንዮ ጉዳዩ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ባለው ሠፈር ሁሉ ግለሰቦች የሚያሠሩት ግንባታ ብዙ ነው፤ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶችም በየመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ባለቤቱ ለተቋራጩ፣ ተቋራጩ ለካቦው፣ ካቦው ደግሞ ጠዋት ከመንገድ ዳር ለቆመው የቀን ሠራተኛ ሥራውን ያስተላልፋል። ሰው ሲወድቅ አሠሪው ማን እንደሆነ መጠየቅ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ እያንዳንዱም ወደ ቀጣዩ ያመለክታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚሸፍነው ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረውን ስለሆነ ለሁለት ሳምንት የመጣው አርማታ ሙያተኛ በዚያ ከረጢት ውስጥ የለም። የሠራተኛ ሕጉ ግን ለአንድ ቀንም ቢሆን የተቀጠረውን አይረሳም። እንግዲህ በጡረታ ያልተሸፈነው ሰው ካሣ በሙሉ በካቦው ወይም በአነስተኛው ተቋራጭ ላይ ይወድቃል። የካሣው ሸክም እጅግ የሚከብደው ኪሱ እጅግ በቀለለው አሠሪ ላይ ነው ማለት ነው። ፍርድ ቤት ቢፈርድለትም የሚፈጸምበት ንብረት የማይገኝበት ጊዜ አለ። ክስ የሚቀርብበት ጊዜም በመሠረቱ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ የተሰበረው አጥንት ይጠግግ፣ አሠሪውም ቃሉን ይጠብቅ እያለ ሲጠባበቅ መብቱ ያለፈበት ሰው ሊኖር ይችላል።

በተግባር የሚደርሰው እድር ነው። የሠፈሩ እድር የቀብሩን ወጪ ይሸፍናል፤ የሥራ ጓደኞች መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ባለቤቱም ደግ ከሆነ የሆስፒታሉን ይከፍላል። ይህ ልማድ ሊከበር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን እድር ለሞት የተዘጋጀ እንጂ በአንድ እግሩ ሃያ ዓመት ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሠሪ ጭራሽ የሌለው ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ በስተደቡብ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር በሚዋሰንበት አካባቢ፣ በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው የቆሻሻ መጣያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማይቱን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የሰንዳፋ ገበሬዎች በመቃወማቸው ግን በወራት ውስጥ ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አገሪቱም የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች። ከአካባቢው ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ የሚሸጡ ነበሩ። የአፈር መናድ ምክንያቱ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ገደልነቱ የጨመረ፣ ውኃ የጠገበ፣ ከሥሩ የተቆፈረ ክምር አንድ ቀን ይናዳል። በሕጉ በኩል ግን ለቃሚው ደመወዝ የሚከፍለው ስለሌለ አሠሪ የለውም፤ አሠሪ የሌለው ሰው በሥራ ላይ ተጎዳ አይባልም፤ ለቤተሰቡም የአምስት ዓመት ደመወዝ የሚሰላበት መነሻ የለም። ለተረፉት የደረሰው ከመንግሥትና ከሕዝብ የተሰበሰበ ርዳታ ነው።

ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። በአጥሩ ውስጥ ተቀጥሮ እሳቱንና ማሽኑን የሚጠብቀው ሠራተኛ አዋጁ ያውቀዋል፤ እጁ ቢቃጠል ቦርድ ይመረምረዋል፤ ካሣውም በመቶኛ ይሰላለታል። ከአጥሩ ውጭ፣ ያንኑ ቆሻሻ ጣቢያው ሳይደርስ በእጁ ለይቶ የሚለቅመው ሰው በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።